በሰው ለቅሶ የወጣ በርኖስ

ቀየት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ምንዳዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ገብሱ ታጭዷል፣ ገና አልተወቃም። አዳነም ባለበት አገር ሰላም ይሁን።

ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልተቆጣሁም ብለሽ ጽፈሻል፤ ግን ብዕርሽ ወረቀቱን ቀዶታል፣ ስለዚህ እንደተቆጣሽ ገብቶኛል። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ ደብዳቤ የሚያደርስልን ወንድምአገኝ ብቻ ነው፤ እሱም አይሱዙውን ገብስ ካልሞላ አይነቃነቅም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩ በነበረ ጊዜም ለኔ የሚሻለኝ ደብዳቤ ነው። «ኧረ ተናገሪ፣ ካርዴን በላሽው» ትይኝ ነበር። የምለው ሁሉ የሚመጣልኝ ግን አንቺ ከዘጋሽው በኋላ ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሰምተናል። እማዬም ሰምታለች። ልደብቃት አልቻልኩም፤ ከኔ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

እሑድ ከሰዓት ነው። እንደ ሁልጊዜው የራዲዮኑን ባትሪ ከጠዋት ጀምራ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከተተችው። ገብስ እያበጠረች ነበር። የ«ካለህበት» ፕሮግራም መክፈቻ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ዋሽንት ብቻ መጣ። ረዘመ። ከዚያ የማናውቀው ወጣት ገባና ጋሽ አትናቴዎስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ አለ። እማዬ ሰፌዱን እንደያዘች ቀረች። አልጮኸችም። ለኔ ሳይሆን ለራዲዮኑ፣ «ታዲያ አሁን ማን ይጥራው?» አለች።

አንቺ ከተማ ስለምትኖሪ እዚህ እንዴት እንደሆነ ረስተሽው ይሆናል። ፊታቸውን ያየ ሰው ቀየት ውስጥ የለም። ድምፃቸውን ግን ከዘመዶቻችን ድምፅ አብልጠን እናውቀዋለን። የጠፋውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩን፣ የምትፈልገውን እናት ስም ያነቡና ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ «ካለህበት ድምፅህን አሰማ» ይላሉ። እኔን የምታስፈራኝ ያቺ ዝምታ ናት። አንድ ሰው ቢመልስ ብለው የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። የተገኘ ሲኖር ደግሞ ስሙን እንደገና ያነቡና «ተገኝቷል፣ ተመስገን» ይላሉ። የአባባ ትዕዛዙን እህት ያገኙላቸው እሳቸው አይደሉ? ወንድማችን አዳነ ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ወሬው የጠፋ ጊዜም፣ አንቺ ጽፈሽ የላክሽውን ስሙን ያነበቡልን እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን እማዬ ከበሩ ቆማ መንገዱን ስታይ ዋለች።

በሚቀጥለው እሑድ ፕሮግራሙ ይቀራል ብዬ ነበር። አልቀረም። ለመታሰቢያ ብለው የድሮ ቅጂ እያወጡ ያሰማሉ። ስለዚህ ሞቱ በተባለ በሳምንቱ ጋሽ አትናቴዎስ ቤታችን ገብተው ሰው ሲጣሩ ሰማኋቸው። የበጎቹን በረት ለመዝጋት ወጣሁና ቶሎ አልተመለስኩም። ስገባ እማዬ ራዲዮኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «የድሮውን ነው የሚያሰሙት። እንግዲያው የአዳነም ተራ ይደርሳል» አለችኝ።

ታናሽሽ ጽናት


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝምተኛዋ እህቴ ለጽናት፤

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ስፌቱ ቤት ለተማሪዎች የደንብ ልብስ ይዘን ጀርባችን ሊቆረጥ ነው፣ ግን ደህና ነኝ። የላክሁትን ቅባት እማዬ ጉልበቷን ትቀባው፤ ለክፉ ቀን ብላ ሣጥን ውስጥ እንዳትቀብረው። ለአባባ ትዕዛዙ፣ ለእመት ሸዋአለም፣ ለጎረቤቱ ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ቀብራቸው ላይ ነበርሽ ወይ ብለሽ በወንድምአገኝ አፍ ላክሽብኝ። አሁን አፍሽ በሰው በኩል ነው የሚናገረው? ነበርኩ። አሠሪዬ ግማሽ ቀን ፈቀደችልኝ፤ እሷ ራሷ አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ትልቅ ሰው ሲሞት ሕዝቡ የሟቹን ፎቶ ይዞ ይወጣ የለም? የሳቸውን ፎቶ የያዘ ብዙ አላየሁም። ሁሉም የያዘው የየራሱን የጠፋ ሰው ፎቶ ነው። ሴቶቹ ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። የወታደር ፎቶ፣ የሕፃን ፎቶ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ አስተልቀው ያሳተሙ፣ ግማሹ የተቀደደ የሠርግ ፎቶ። ሣጥኑ ሲያልፍ ሁሉም ፎቶውን ወደ ሣጥኑ አዞረ። እንዲያዩላቸው ነው መሰለኝ። እኔም የኛን ይዤ ነበር። ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።

ከአዳነ ጋራ አብሮ ስለወጣው ልጅ ስለ ተገኘ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ከዚያ አገር መልሰውታል፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። አገሩ ራቤል እናቱ ዘንድ ገና አልገባም። አግኝቼዋለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ሥራ በዝቶብኛል።

ለገና ትመጫለሽ ወይ ላልሽኝም፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። መምጣት እፈልጋለሁ። መምጣት አለብኝ። ባይሆን ግን አትፍረጂብኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ እሑድ ራዲዮኑን አታስከፍቻት። ባትሪው አልቋል በያት።

ምንዳዬ


ቀየት፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ምንዳዬ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን ልበል። አዳነም ባለበት ሰላም ይሁን።

ወንድምአገኝ ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም። «እናትሽ ልቧን ሳተች» ብሎሽ ከሆነ ውሸቱን ነው፤ እሱ ከሩቅ ሆኖ ነው ያየው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባባ ትዕዛዙ ሰዉን በሙሉ አስቁመው፣ «ለኒህ ሰው እኛም ለቅሶ እንውጣላቸው። እህቴን ከአፈር አውጥተው የሰጡኝ ያህል ነው» አሉ። መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ።

«ዘመዳችን ናቸው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያንተ ዘመዶች ላንተ ምን አደረጉልህ?» አሉት እመት ሸዋአለም፤ ታውቂያቸው የለም፣ ለቅሶ ላይ ግጥም የሚያወጡት እሳቸው ስለሆኑ የሚደፍራቸው የለም። «አንተ የሞትክ እንደሆነ ስምህን በራዲዮ የሚጠራ ይገኝ ይመስልሃል?»

ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ቀጥሎ የመጣው ክርክር ደግሞ የልብሱ ነው። አገሩ እንደሚያደርገው፣ ሬሳው በሌለበት ልብሱ ይወጣል፤ ካለ ፈረሱም፣ ጠመንጃውም። የጋሽ አትናቴዎስ ግን ከየት ይምጣ?

«ራዲዮኑ ይውጣላቸው» አለ አንዱ።

«ፈረስ ላይ ልንጭነው ነው?»

«መሃል ላይ ሆነን ስናለቅስ የገበያ ዋጋ ቢጀምርስ?»

«ባትሪውን አውጡት ታዲያ!»

አባባ ትዕዛዙ ራሳቸው ሳይቀሩ ሳቁ። ራዲዮኑ ይውጣ ተባለ። የኛው ራዲዮን ከሁሉም ትልቅ ስለሆነ የኛው ተመረጠ። እማዬ እሺ አለች፤ በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ በርጩማ አስቀመጡና ነጠላ አነጠፉበት፣ ራዲዮኑን ከላዩ አኖሩት። ከኋላው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተከሉ፤ ልብስ ቢኖር ኖሮ የሚሰቀልበት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቡ። እመት ሸዋአለም ጀመሩ፦

የጠፋውን ሁሉ ሲጣራ ሲጣራ፣
እሱን ማን ይጥራው እንግዲህ በተራ።

ግጥሙ ደህና ነበር፤ ለቅሶው ግን አልያዘም። ሰዉ ያፍራል። ቁልፍና አንቴና ፊት ደረት መምታት ከበደው። ልጆች እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። እኔ እንደ ልማዴ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። እማዬ አለመኖሯን ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ከታች በኩል ስትመጣ አየኋት። በርኖሱን ታቅፋ ነበር።

የአዳነን በርኖስ ነው የምልሽ፣ እታለም። እሷ ፈትላ አባዬ የሸመነውን። «የምሄደው ቆላ ነው፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ከግድግዳው ላይ ትቶት የሄደውን። በየዓመቱ ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ የምታራግፈውን፣ እኔ እንኳ በርዶኝ ላንሳው ስል «ባለቤቱ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?» ብላ የምትከለክለኝን። ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና እንጨቱ ላይ ሰቀለችው። ነፋስ ነበር። ወዲያው ሞላው። የቀኝ ትከሻው ሹል ቀና አለ፤ ሰው የቆመ መሰለ።

በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ለቅሶ ሜዳ ላይ እንደማይወጣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባባ ትዕዛዙ ቀርበው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ተሾመች፣ ይህ የማን ነው?» አሏት።

«የሳቸው ነው» አለች።

«ጋሽ አትናቴዎስ በርኖስ ነበራቸው?»

«እንግዲህ በብርድ ይሂዱ?»

እጃቸውን ወደ በርኖሱ ዘረጉ፣ መለሱት። ከዚያ እማዬ እንዲህ አለች፤ ግጥም ስታወጣ ሰምቻት አላውቅም፦

በርኖሱስ ይኸውና ትከሻው የት ሄደ፣
ብርዱን ለኛ ትቶ ቆላ የወረደ።

ያን ጊዜ ለቅሶው ያዘ። እንዴት እንደያዘ ልነግርሽ አልችልም። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተደፍተው አለቀሱ። የሞተባቸውም፣ የጠፋባቸውም፣ መርዶውን ሰምተው ቀብሩን ያላዩትም ሁሉ የዚያን ቀን አለቀሱ። አጠገቤ የቆመች አንዲት ልጅ እናቷን «ጋሽ አትናቴዎስ መቼ ቆላ ወረዱ?» ብላ ጠየቀች። እናቷ አፏን በእጇ ያዘችው።

እኔ አላለቀስኩም። ትከሻውን እያየሁ ነበር። ነፋሱ በቆመ ቁጥር ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል።

ጽናት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጽናቴ፤

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የምመልስልሽ ነው። ወንድምአገኝ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ ጡሩንባውን እየነፋ ነው።

ለምን አወጣችው? ምን አለች? ማንም ሰው አስቀድሞ ያናገራት አለ? ከራቤል የመጣ ሰው ቤት ገብቶ ነበር? ይህን በደንብ ጠይቂና ጻፊልኝ። እሷን ግን አትጠይቂያት።

በርኖሱን መልሰሽ ግድግዳው ላይ ስቀዪው። እንደነበረበት።

የጠየቅሽኝ ነገር ቢኖር ሁሉንም ስመጣ። በአፌ።

ምንዳዬ


ቀየት፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ምንዳዬ፤

ከራቤል የመጣ ሰው የለም። ማንም አላናገራትም። ጎረቤቱንም፣ እመት ሸዋአለምንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ እኔ ሰው ቤት ሄጄ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ።

በርኖሱን ልሰቅለው አልቻልኩም። ስሰቅለው ታወርደዋለች። መደቡ ላይ፣ እሱ ይተኛበት ከነበረው ቦታ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው የተጨመረ ይመስለኛል፤ ስጠርግ እንኳ በዙሪያው ነው የምጠርገው።

ሰዉም ቸግሮታል። ለቅሶ ይድረሱን እንዳይባል ሞተብን አላልንም። ይቅሩ እንዳይባል ደግሞ ልብሱ ወጥቷል። ስለዚህ ሰበብ እየፈለጉ ይመጣሉ። አንዷ ወንፊት ልትዋስ መጥታ እስኪመሽ ተቀምጣ ወንፊቱን ሳትይዝ ሄደች። አባባ ትዕዛዙ የጠፋ በግ አላያችሁም ወይ ብለው ገቡ፤ በግ እንዳልጠፋባቸው ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ «ቁጭ በሉ፣ በጉም ይመጣል» አለቻቸው። ቁጭ አሉ።

እሑድ እሑድ ራዲዮኑ ይከፈታል። ባትሪው አልቋል ብያት ነበር፤ ከሰው ተውሳ መጣች። ጋሽ አትናቴዎስ ይጣራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ይጣራሉ። የሞተ ሰው ድምፅ ምንም አልተለወጠም። በዚያ ዝምታ ውስጥ እማዬ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ገና አልደረሰም ትላለች።

አሁን እኔ የምጠይቅሽ አለኝ። ሳልፈራ ልጻፈው፤ ፊትሽን ባየው አልጠይቅሽም ነበር።

አንቺ ደብዳቤ ስትልኪ ለእማዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ከድሮ ጀምሮ ሰላምታሽ ላይ «አዳነም ባለበት ሰላም ይሁን» ትያለሽ። እኔም ከአንቺ ነው የለመድኩት። ከመስቀል ወዲህ በላክሻቸው ደብዳቤዎች ግን የለም። ለአባባ ትዕዛዙ ሰላምታ አለ፣ ለእመት ሸዋአለም አለ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አለ። መጀመሪያ ቸኩለሽ ነው ብዬ ለእማዬ ሳነብላት ከራሴ ጨመርኩበት። በሁለተኛውም ጨመርኩበት። ያለፈው ደብዳቤሽ ግን ሰላምታ ጭራሽ አልነበረውም፤ እኔ ያልተጻፈውን ሰላምታ አንብቤላታለሁ።

ተገኘን ያገኘሽው መቼ ነው? ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አዳነ ባለበት አለ ወይ?

ጽናት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጽናት፤

ከመስቀል በፊት ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። መርዶ በወረቀት አይላክም። ሰው ጎሕ ሲቀድ ቤቷ ሄዶ፣ ዘመድ አስከትሎ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የሚነግራት፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ሊኖር ይገባል። ያን ሁሉ ቀን ያቆየሁት እኔ ራሴ መጥቼ እጇን ልይዝ ብዬ ነው። ሦስቴ መኪና ተራ ሄጃለሁ። ሦስቴም ተመልሻለሁ።

ተገኘ አብሮት ጀልባው ላይ ነበር። መዋኘት እሱም ስለማይችል ሊያወጣው አልቻለም። እንግዲህ ይበቃል።

ሰላምታውን ልጽፈው እሞክር ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። «ባለበት» የሚለው ላይ ስደርስ ይቆማል። አንቺ ስትጨምሪበት እንደነበር ሳነብ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ጣቷን ወጋት ብለው ከበቡኝ።

ለአባባ ትዕዛዙ በወንድምአገኝ አፍ ልኬባቸዋለሁ። በበዓል አይነገርም፤ ገናና ጥምቀት እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። እስከዚያ ምስጢሩ ካንቺ ጋራ ነው። ይህን ሸክም ለልጅ በማሸከሜ ይቅር በይኝ። መንገዱ ከተከፈተ እደርሳለሁ። ካልደረስኩ አንቺ አጠገቧ ሁኚ። መናገር የለብሽም። አጠገቧ ብቻ ሁኚ።

ይህን አታንብቢላት።

ምንዳዬ


ቀየት፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ምንዳዬ፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኛንም ያጽናን። የወንድማችንን የአዳነን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። እንዲህ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ እንደ አንቺው ቆሞ ነበር።

ባለመምጣትሽ አልተቀየመችም። «መኪና አጥታ ነው፣ ልጄን አውቃታለሁ» ብላለች፤ ይህን ንገሪያት ብላኛለች። እንዴት እንደተነገራት፣ ማን እንደያዛት የጠየቅሽኝን እንግዲህ ልንገርሽ።

ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። ታቦቱ ሲወርድ እማዬ ከሁሉም ጋራ እልል አለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከበዓሉ በኋላ በነጋታው ጎሕ ሲቀድ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ብድግ ስል እማዬ ተነሥታለች። እሳት አንድዳለች። መደቡን ጠርጋ አጎዛ አንጥፋለች። በርኖሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተቀምጣለች። አባባ ትዕዛዙና ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ግቡ፣ ውጭው ውርጭ ነው» አለቻቸው።

ገቡና ቆሙ። አባባ ትዕዛዙ ያሰቡት ንግግር ጠፋባቸው። «ተሾመች… እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ…» ብለው አቆሙ።

«ይናገሩት እንጂ፣ አባባ። ከሰው አፍ መስማት አለብኝ። ለራሴማ ነግሬያለሁ።»

ተናገሩት። ጮኸች። ያን ያህል ጊዜ ያወቀችው ነገር ሆኖ ሳለ እንዲያ ትጮኻለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። የያዝኳት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ይዣታለሁ። በርኖሱ ከመካከላችን ነበር።

ቆይቶ እመት ሸዋአለም «ማን ነገረሽ? ያን ቀን ልብሱን ያወጣሽው አውቀሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። ወደኔ ጠቆመች።

«እሷ ናት የነገረችኝ» አለች። «ደብዳቤ ስታነብልኝ የአዳነ ሰላምታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። ወረቀቱን ስታነብ እንደ ተማሪ ነው የምታነብ። እዚያ ላይ ግን የራሷ ድምፅ ይመጣል። ይህቺ ልጅ በራሷ ድምፅ ስንት ቀን ትናገራለች? እኅቷ እንዳልጻፈችው ያኔ ገባኝ። ምንዳዬ የወንድሟን ሰላምታ የምትተወው በምን ምክንያት ነው?»

እታለም፣ ሳስተዛዝናት ያረዳኋት እኔ ነኝ። ይህን አሁንም ሳስበው ፊቴን የማገባበት አጣለሁ።

ለቅሶው እዚያው ሜዳ ላይ ሆነ። እንጨቱን እንደገና ተከሉት። አባባ ትዕዛዙ በርኖሱን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ እምቢ አለች። «አንዴ ወጥቶ ተለቅሶበታል። ሁለቴ አይወጣም» አለች።

«ታዲያ ለልጅሽ ምን ይውጣለት?»

ወደ ቤት ተመልሳ ራዲዮኑን አመጣች። በርጩማውን ራሷ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አውልቃ አነጠፈች፣ ራዲዮኑን አኖረችው። ከዚያ ለሰዉ ሁሉ እንዲህ አለች፦ «ያን ጊዜ የተሰበሰባችሁት ለሳቸው ነበር። እኔ ለቅሷቸውን ወሰድኩባቸው። የልጄን መርዶ የሚነግረኝ ባጣ፣ በሳቸው ለቅሶ ልጄን አለቀስኩ። ዛሬ ልመልስላቸው። ዛሬ ለአዳነ የመጣችሁ ሁሉ ለጋሽ አትናቴዎስ አልቅሱልኝ።»

አንድም የሳቀ የለም። እመት ሸዋአለም ግጥም ሊያወጡ ሲሉ እማዬ ያዘቻቸውና ወደ ኋላ ዞራ ሰው መሃል ፈለገችኝ። «አንቺ በይ» አለች። «ድምፅሽን እኔም እሱም እናውቀዋለን።»

እንዴት ወደ ፊት እንደወጣሁ አላስታውስም። ራዲዮኑን እንጂ ሰዉን አላየሁም። ድምፄ ትንሽ ነበር፣ ግን ነፋስ ስላልነበረ ሰሙኝ፦

ሲፈልጉ ኖረው ባሕር የገባውን፣
ሄደው አገኙት ወይ እኛ ያጣነውን።

ለማን እንዳልኩት አልለየሁትም። ሰዉም አልለየውም። ለሁለቱም አለቀሱ። ባዶው እንጨት ከራዲዮኑ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ያን ቀን ዓይኔ ትከሻ አልፈለገበትም።

በርኖሱን ያን ዕለት ማታ እኔ ላይ ጣለችው። «ልበሽው፣ ይበርድሻል» ብቻ አለችኝ። ይከብዳል። የአባዬ ሽመናም፣ የሷ ፍትልም፣ የአዳነም ላብ አለበት። ይህን የምጽፍልሽ ለብሼው ነው።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ፤ የጠየቅሽኝ አይደለም፣ ግን ልትሰሚው ይገባል።

ባለፈው እሑድ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ስታሰጣ አየኋት። «እማዬ፣ አሁንማ ለምን?» አልኳት። ሰዓቱ ሲደርስ ከፈተችው፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋሽ አትናቴዎስ የአንዲት ልጅ ስም አነበቡ፣ የአንድ ሽማግሌ ስም አነበቡ። ከዚያ በዚያው በማይለወጠው ድምፃቸው «አዳነ አወቀ» አሉ። «አገሩ መንዝ፣ ቀየት። እናቱ ወይዘሮ ተሾመች ትፈልገዋለች።» አንቺ የጻፍሽውን ቃል በቃል አነበቡት።

ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ መጣች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምፈራት። «ካለህበት ድምፅህን አሰማ» ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እማዬ ቀደመቻቸው። ወደ ራዲዮኑ ጎንበስ ብላ፣ ከጎረቤት ሰው ጋራ እንደምታወራ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ተገኝቷል፣ ጋሼ። ተመስገን። ከእንግዲህ እርስዎም ይረፉ» አለቻቸው።

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

እኅትሽ ጽናት